በገናና ነፋስ

በሞተር ብስክሌት ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ሙዚቃ ያስፈልገዋልን? ጥያቄውን ያነሣሁላቸው ወዳጆቼ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ «የሞተሩ ድምፅ ራሱ ዜማ አይደለምን?» የሚሉ ናቸው፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ከከተማ ወጥተው ነድተው አያውቁም። ሁለተኞቹ በአንድ ቀን አራትና አምስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚጋልቡ ሲሆኑ፣ ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ የሞተር ድምፅ ዜማነቱ ቀርቶ የጥርስ ሕመም እንደሚሆን ጠንቅቀው ያውቃሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ። ከናይሮቢ ተነሥቶ በናንዩኪ፣ በኢሲዮሎና በማርሳቢት አድርጎ ሞያሌ የሚደርሰውን፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እመላለስበታለሁ። ታላቅ እኅቴ የምትኖረው ሞያሌ፣ በኢትዮጵያ በኩል ነው።

በሞተር ላይ ሙዚቃ መግጠም አዲስ ነገር አይደለም። ሆንዳ «ጎልድ ዊንግ» የተባለውን ሞተር ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ ሲያቀርብ የነፋስ መከላከያም ሬዲዮም አልነበረውም፤ ባለቤቶቹ ግን በየበኩላቸው እየገዙ ይገጥሙበት ጀመር። በ1980 ኩባንያው ራሱ መከላከያ ያለውና ለፈለገ ሰው ሬዲዮ የሚገጠምለት ዓይነት አወጣ። እንደ እኔ አሮጌ ሞተር ያለው የናይሮቢ ነዋሪ ግን የሚሄደው ወደ ሉቱሊ ጎዳና ነው። ሉቱሊን የሚያውቅ አንባቢ ያውቀዋል፤ በየደጃፉ የተደረደሩት ስፒከሮች እርስ በርስ ሲጯጯኹ የሻጩን ዋጋ እንኳ ለመስማት ጆሮን ወደ አፉ ማስጠጋት ያስፈልጋል። በዚያ ጎዳና «1000 ዋት» ያልተጻፈበት ካርቶን ማግኘት ያስቸግራል። የሞተር ብስክሌት ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ አንድ ሺህ ዋት ለማውጣት ከ80 አምፔር በላይ መሳብ ይኖርበታል ማለት ነው። ይህን ያህል የሚሰጥ ዲናሞ በእኔ ሞተር ላይ የለም፤ ቢኖርም ሽቦው ይቀልጥ ነበር። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ሥነ ጽሑፍ ነው።

ሥራውን የሠሩልኝ በኢስሊ ሠፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ፣ የሐረር ተወላጅ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ስንት ዋት እንደምፈልግ አልጠየቁኝም።

«በስንት ትነዳለህ?» አሉኝ።

«ዘጠና፣ መቶ፤ ሜዳው ላይ ከዚያም በላይ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው የምታዘፍነው ለነፋሱ ነው፣ ልጄ። ከስልሳ በታች ከሆነ ለአንተም ይተርፍሃል።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ስሌት ነው። የስፒከር ኃይል በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው ሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ እንደ ምንም የሚለየው ጭማሪ። የነፋስ ጩኸት ግን ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ አሥራ አምስት ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በስልሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሃያ ዋት የበቃው ሰው፣ በመቶ ሃያ ያንኑ ዘፈን እንደዚያው ልስማ ቢል ስድስት መቶ ዋት ያስፈልገዋል። ነፋስን በዋት ያሸነፈ የለም።

አዛውንቱ ሁለት ባለ አራት ኢንች ስፒከሮች ከነፋስ መከላከያው መስታወት ሥር ገጠሙልኝ፤ ዝናብ እንዳያበላሻቸው ሸራቸው ወረቀት ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። አምፕሊፋየሩን ከመቀመጫው በታች ካኖሩ በኋላ ፊውዙን ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ሳያርቁ አስገቡት፤ ፊውዝ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ሽቦውን ነውና፣ ከሩቅ ከተቀመጠ በመካከል ያለው ሽቦ ያለ ዘበኛ ይቀራል። ቁልፉ ሲወጣ ሙዚቃውም አብሮ እንዲጠፋ ሪሌ ጨመሩበት። የአሉታዊውን ሽቦ ደግሞ በሞተሩ አካል ላይ አላሰሩትም፤ እስከ ባትሪው ድረስ ወሰዱት። በአካሉ ላይ ቢታሰር የዲናሞው ፉጨት ከዜማው ጋር እየገባ፣ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር ሽቅብ ይጮኽ ነበር።

ለምን ሄልሜት ውስጥ በሚገባው ትንንሽ ስፒከር አልሰማም የሚል አንባቢ አይጠፋም። ምክንያቱ ግራ ጆሮዬ ነው። ባለፈው ዓመት የመረመረችኝ ሐኪም በወረቀት ላይ የተሣለ መስመር አሳየችኝ፤ መስመሩ በ4000 ኸርዝ ላይ እንደ ገደል ይወርዳል። በጩኸት የተጎዳ ጆሮ አስቀድሞ የሚከዳው በዚያው አካባቢ ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ የሚፈጠረው የነፋስ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ95 ዴሲቤል ያልፋል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም 85 ዴሲቤልን ለስምንት ሰዓት ይፈቅዳል፤ ሦስት ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ግን ጊዜውን በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው መንገድ ደግሞ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ላይ ከነፋሱ የሚበልጥ ሙዚቃ ጆሮዬ ሥር ማስገባት አልፈለግሁም።

ከማርሳቢት ወዲያ ያለውን ነፋስ ያላየ ሰው ነፋስን አያውቅም። በዚያው አውራጃ፣ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ የተተከሉት 365 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ከ2018 ጀምሮ ለኬንያ ኤሌክትሪክ ያቀርባሉ፤ በሙሉ ኃይላቸው 310 ሜጋ ዋት ይሰጣሉ። ዲዳ ገልገሉ በተባለው ጥቁር ድንጋይ በለበሰው ምድረ በዳ ላይ ያ ነፋስ ከጎን እየመጣ ሞተሩን ይገፋል። እዚያ ላይ ሙዚቃውን አጠፋና በጆሮዬ ውታፍ አድርጌ እነዳለሁ።

በዝግታ በሚነዳበት፣ በየከተማው መግቢያና በማርሳቢት ዳገት ላይ ግን እሰማለሁ። በዚህ መካከል ያስተዋልሁት ነገር አለ። የነፋስ ጩኸት ከሁሉ በላይ የሚያይለው በወፍራሙ ድምፅ በኩል ስለሆነ፣ አስቀድሞ የሚውጠው ወፍራሙን ነው። ዋሽንት ይተርፋል። ማሲንቆ እስከ ሰባ ድረስ ይታገላል። ጥላሁን ገሠሠ ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር የተጫወታቸው ዘፈኖች ደኅና ይዘልቃሉ፤ የትንፋሽ መሣሪያ ከነፋስ ጋር ሳይተዋወቅ አይቀርም። የክራሩ ወፍራም ክር ቶሎ ይጠፋል። ከሁሉ የሚብሰው በገና ነው። ከአሥሩ ክሮች የሚወጣው ጥልቅ ድምፅ ይሰጥምና፣ ከክሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራዋ፣ የምትሰጠው ንዝረት ብቻ እንደ ንብ ይቀራል።

ይህ ለእኔ ተራ ነገር አይደለም። አባቴ በገና ይደረድሩ ነበር። ከእሳቸው ድምፅ የቀረን አንድ ካሴት ብቻ ነው፤ በአንድ የዐቢይ ጾም ምሽት ቤታችን ውስጥ የተቀረጸ፣ በመካከሉ በር ሲንኳኳ የሚሰማበት። ካሴቱ በእኔ ዘንድ ስለነበረ እኅቴ አባታችን ካረፉ ወዲህ አልሰማችውም። ወደ ትንሽ ማጫወቻ አስገልብጬ በመጨረሻው ጉዞዬ ይዤላት ሄድሁ። ግቢዋ ውስጥ ሞተሩን አቁሜ፣ ቁልፉን ሳላወጣ ከፈትሁላት። በርጩማ ይዛ መጥታ በስፒከሮቹ ፊት ተቀመጠች። እስከ በሩ መንኳኳት ድረስ ዝም ብላ ሰማች።

«አባባ ጉንፋን ይዟቸው ነበር እንዴ?» አለችኝ። «ድምፃቸው እንዲህ ቀጭን አልነበረም።»

አዛውንቱ ማስተካከያውን ለመንገድ ብለው ነበር ያበጁት፤ ነፋስ ለሚውጠው ወፍራም ድምፅ ኃይል እንዳይባክን ቀንሰውታል። እጄን ከመቀመጫው ሥር ሰድጄ የወፍራሙን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ከፈትሁት። እኅቴ በርጩማዋን አስጠጋችና «ከመጀመሪያው መልሰው» አለችኝ።