ለፊያቱ አብራሪ የተጣለ ወረቀት

የመድረሳ መምህር ስለ ጦር አውሮፕላን ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ብድሬ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ፣ ክንፍ በክንፍ ላይ የተደረበባት አውሮፕላን በደብተሩ ጀርባ ስሎ አገኘሁት። ልቆጣው ስል ሥዕሉ ከዚህ በፊት በታሪክ መጽሐፍ ያየኋትን ፊያት ሲ.አር. 42 አስታወሰኝ። ስለዚህ ትምህርቱን አቁሜ ታሪኳን ነገርኳቸው።

ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ አገራችንን ይዛ ነበር። በስዊዝ በኩል ያለው የባሕር መንገድ ስለተዘጋባት እነዚህን ተዋጊዎች እየፈታታች በትልልቆቹ የሳቮያ ማርኬቲ አውሮፕላኖች ሆድ ውስጥ ታመጣቸው ነበር። አውሮፕላን አውሮፕላንን አዝሎ! ልጆቹ በዚህ በጣም ሳቁ።

ይሁን እንጂ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ሁሉም አለቁ። የመጨረሻዋ ፊያት ጎንደር አካባቢ ተመትታ የወደቀችው ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በሒጅራ አቆጣጠር የ1360 ሸዋል መግቢያ፣ የዒድ አል-ፊጥር ሰሞን መሆኑ ነው። አብራሪው ማላቮልቲ የሚባል ጣሊያናዊ መኮንን ሲሆን፣ የጣለው በግላዲያተር አውሮፕላን የመጣ ሆፕ የተባለ ደቡብ አፍሪቃዊ ነበር። ከዚያ በኋላ ደቡብ አፍሪቃውያኑ በጣሊያኖቹ ሰፈር ላይ ወረቀት ጣሉ፤ የፊያቱ አብራሪ ጀግና እንደነበርና ክብር እንደሚገባው የሚገልጽ ነበር። በኅዳር 18 የጎንደሩ የጣሊያን ጦር እጁን ሰጠ።

እኔም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአይሁዳዊ ጀናዛ ሲያልፍ መቆማቸውን፣ ሰውየው አይሁዳዊ መሆኑ ሲነገራቸውም ነፍስ መሆኑን ማስታወሳቸውን አነሳሁላቸው። የጠላትን ሬሳ ማክበር ከእኛ ዲን የራቀ ነገር አይደለምና። ትምህርቱ እዚህ ላይ ያማረልኝ መስሎኝ ነበር።

ሠዓሊው ልጅ እጁን አወጣ። «ኡስታዝ፣ ከታች ለነበሩት ሰዎችስ ወረቀት ተጥሎላቸዋል?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ከመጽሐፉ የያዝኩት የአብራሪዎቹን ስም ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በዚህችው አገር ላይ ቦምብና የይፔሪት መርዝ ሲያዘንቡ፣ ከታች ገበሬና ከብት፣ እናትና ሕፃን ነበሩ። ከሰማይ አክብሮት የወረደው ግን ለአንድ አብራሪ ነው።

አያቴ (አላህ ይዘንላት) በዚያ ዘመን ገና ልጃገረድ ነበረች። የአውሮፕላን ድምፅ በሰማች ቁጥር ጭሱ እንዳይታይ እሳቱን በአመድ ትሸፍን ነበር። እኔ ካወቅኳት ጀምሮ የሚያልፈው መንገደኛ የያዘ አውሮፕላን ብቻ ሆኖ ሳለ እንኳ ይህን ልማዷን አልተወችም። ልጆች ሳለን እንስቅባት ነበር፤ ከሁሉም አብዝቼ የምስቀው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ይህንንም ነገርኳቸው። በማግስቱ ደብተሩን ሳይ፣ ልጁ ከአውሮፕላኗ በታች አንዲት ጎጆና አጠገቧ ያጎነበሰች ሴት ጨምሮበታል።