«በአሁኑ ጊዜ» የምትባለው ቃል



ውድ አንባብያን! ስለ እውቀት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው እንዴት እንደሚገኝ ነው። የተገኘው እውቀት ከብልሽት እንዴት እንደሚጠበቅ ግን እምብዛም አንጠይቅም። እህል ጎተራ ገባ ተብሎ አይረሳም፤ ነቀዝ እንዳይበላው ይታያል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይበጠራል። የተጻፈ እውቀትም እንዲሁ ነው። በዚህ ጽሑፌ ላወጋችሁ የፈለግሁት ጥቂት ዓመታት ስለያዝኩት አንድ አነስተኛ ሥራ ነው። ሥራው ዊኪፔዲያ በተባለው የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ስለ ሊኑክስና ስለ ሌሎች ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች በአማርኛ የሚጻፈውን መከታተልና ማረም ነው።

ለመሆኑ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምንድን ነው? በሠርግ ቤት እንግዳ የሚያስቀምጠውን፣ ምግቡ ለሁሉም እንዲዳረስ የሚቆጣጠረውን አስተናባሪ አስቡ። በኮምፒውተር ውስጥም ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን ቦታና ተራ የሚያከፋፍል አስተናባሪ አለ። ዊንዶውስ አንዱ ነው፤ ሊኑክስ ሌላው ነው። የብዙዎቻችሁ ስልክ የሚሠራበት አንድሮይድም የተመሠረተው በሊኑክስ ላይ ነው።

የማስተምረው ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው መሸንቲ ነው። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ የመጨረሻው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው አይደል?» አለችኝ። ከየት እንዳገኘችው ብጠይቃት «በአሁኑ ጊዜ የመጨረሻው እትም» የሚል አንድ የቆየ የአማርኛ ጽሑፍ አሳየችኝ። ዊንዶውስ ኤክስፒ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ማይክሮሶፍትም ድጋፉን መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. አቁሟል። ጸሐፊው በጻፈበት ቀን ልክ ነበር። ጽሑፉ አረጀ እንጂ አልዋሸም።

«ታዲያ ይህ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ድጋፍ ቆመ ማለት በሲስተሙ ውስጥ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍነው የለም ማለት ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የሱቁን ሒሳብ፣ የቤተሰቡን ፎቶግራፍና የልጆቹን ማስረጃ በኮምፒውተር ያስቀመጠ አባወራ ይህን ማወቅ ይገባዋል። እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው እውነቱን ከብዙ ቦታ ያገኛል። በአማርኛ ብቻ የሚያነብ ልጅ ግን ያለችው ያቺው አንዲት ገጽ ናት። ስለዚህ ገጿ በእጃችን ያለች አማና ናት።

ለራሴ የያዝኩት የመጀመሪያው ደንብ «በአሁኑ ጊዜ» የምትለውን ቃል ባገኘኋት ቁጥር አውጥቼ በምትኳ ቀን ማስገባት ነው። «የመጨረሻው እትም ይህ ነው» ከማለት «ይህ እትም በዚህ ቀን ወጣ» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነገ ሐሰት ይሆናል፤ ሁለተኛው ከሃያ ዓመት በኋላም እውነት ነው።

ቀኑ ራሱ ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ ሊኑክስን እየሠራ መሆኑን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1991 ነው፤ የመጀመሪያውን እትም ያወጣው ደግሞ በዚያው ዓመት መስከረም 17 ቀን ነው። በፈረንጆቹ ሁለቱም 1991 ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ግን ማስታወቂያው ነሐሴ 19 ቀን 1983፣ እትሙ መስከረም 6 ቀን 1984 ይሆናል፤ አዲስ ዓመት በመካከላቸው ገብቷል። ዝም ብሎ ስምንት የሚቀንስ አራሚ አንዱን ያበላሻል። በሒጅራ ብትቆጥሩት ሁለቱም 1412 ላይ ይውላሉ። በቤታችን ሦስት የዘመን አቆጣጠር ላለን ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ የትኛው እንደሆነ ሳይገልጹ ቁጥር ማስፈር ግን አንባቢን ማሳሳት ነው።

ሁለተኛው ደንብ ምንጭ ነው። በዊኪፔዲያ ሥርዓት «እኔ አውቃለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የታተመ ምንጭ መጠቀስ አለበት። መድረሳ ለቀራ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ኢማም አል-ቡኻሪን የመሰሉ ዑለማዎች ሐዲሥን ሲቀበሉ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ከማን ለማን እንደተላለፈ ሰንሰለቱን ይመረምሩ ነበር። በሱረቱል ሑጁራትም የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ ታዘናል። ልዩነቱ ግን መታወቅ አለበት። በኢስናድ የአስተላላፊው ስምና ጠባይ ይታወቃል፤ በዊኪፔዲያ አራሚው ስሙን ላይገልጽ ይችላል። ስለዚህ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው በተጠቀሰው ምንጭ ላይ ነው።

ሦስተኛው ፍትሕ ነው። ሊኑክስ በጥብቅ አነጋገር የሲስተሙ እምብርት፣ ማለትም ከርነል የሚባለው ክፍል ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ያስታወቀው የግኑ ሥራ ብዙ ክፍሎችን ስላበረከተ «ግኑ ሊኑክስ» ተብሎ መጠራት አለበት የሚሉ አሉ፤ ሕዝቡ ግን በአጭሩ ሊኑክስ ይለዋል። አንድ ጊዜ ከአንድ የማላውቀው አራሚ ጋር በዚህ ጉዳይ ተነጋግረናል። እሱ ሲሰርዝ እኔ ስመልስ ብንውል ኖሮ ማንም አይጠቀምም ነበር። በገጹ የውይይት ክፍል ተወያይተን ሁለቱም አጠራሮች ከነምክንያታቸው እንዲሰፍሩ ተስማማን። የኢንሳይክሎፒዲያ ሥራ ሰዎች የሚከራከሩበትን በሐቅ መንገር እንጂ መፍረድ አይደለም።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሳለ፣ ከሊኑክስ ወገን የሆነው ኡቡንቱ እንደ ልማዱ በጥቅምትና በሚያዝያ 2016 ሁለት እትሞች አወጣ። መስመሩ ሲመለስ ገጹን ስከፍት ከቀን ጋር የተጻፈው ሁሉ እውነቱን እንደያዘ ቆይቶ ነበር፤ የጎደሉትን ሁለት መስመሮች ጨመርኩ፣ በቃ። «በአሁኑ ጊዜ» የሚል ቢሆን ኖሮ ለዚያን ያህል ወራት አንባቢን ሲያሳስት በከረመ ነበር።

ወጣት ወንድሞችና እህቶች! ለዚህ ሥራ ሊቅ መሆን አይጠይቅም። ኢንተርኔት ስታገኙ የምታውቁትን አንድ ገጽ ምረጡ፤ ዓመተ ምሕረቱን አመሳክሩ፣ ምንጩን ጥቀሱ፣ ያልተረጋገጠውን ተዉት። ወላጆችም ልጆቻችሁ አንድ ነገር አንብበው ሲነግሯችሁ «መቼ ተጻፈ? ከየት ተገኘ?» ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በቤቱ የለመደ ልጅ በኮምፒውተር ፊት ብቻ ሳይሆን በገበያና በወሬ መካከልም በቀላሉ አይታለልም።

ወላሁ አዕለም።