በኮንዮ ኮንዮ የቀመስነው ኪስራ

ደቡብ ሱዳን በ2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ለሥራ ወደ ጁባ ከሄዱት ኢትዮጵያውያን መካከል እኛም ነበርን። ኮንዮ ኮንዮ ወደሚባለው ትልቅ ገበያ ስንወርድ ምሳችንን የምንበላው ከአገራችን ሰዎች ምግብ ቤት ብቻ ነበር። ዩጋንዳውያን ዕንቁላል በቻፓቲ ጠቅልለው «ሮሌክስ» ብለው የሚሸጡትን፤ ለቸኰለ ሰው መልካም ነው ብለን አንዳንድ ቀን እንገዛለን። የአገሩን ኪስራ ግን ሳንቀምሰው ንቀነው ነበር። ከመንገዱ ዳር የሚሸጡት እናት «ኑ፤ ብሉ» ሲሉን አመስግነን እናልፋለን።

አንድ ቀን እንጀራው አልቆ ደረስንና ረኃቡ ስለ ጠናብን ከእርሳቸው ዘንድ ተቀመጥን። ኪስራ የማሽላ ሊጥ ቦክቶ በጋለ ምጣድ ላይ እጅግ ስስ ሆኖ የሚጋገር ነው። ዐይኑ እንደ እንጀራ ባይበዛም ኮምጠጥ ማለቱ የእናታችንን መሶብ አሳሰበን። በእጃችን ቈርሰን ከወጡ ስናጠቅስ ሴትዮዋ አበላላችንን አይተው ሣቁ፤ «ለካ ታውቁበታላችሁ!» አሉን። እኛም አፈርን።

እንጀራ ብቸኛ መስሎን ኖሯል፤ በነጭ ዓባይ ዳር ግን እኅት አለችው። ስለዚህ ወደ ሰው አገር ለሚሄድ ወዳጃችን ምክራችን አጭር ነው፤ ከመናቅህ በፊት ቅመስ።