አስጠኚነታችንና የተረሳው ጽሕፈት

ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ የሚወርድ ሰው በየመብራት ምሰሶው ላይ «ቤት ለቤት እናስጠናለን፤ ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያያል፤ ከግርጌው እየተቀደደ የሚወሰድ የስልክ ቁጥር አለበት። ያን ወረቀት ከሚለጥፉት ብዙዎቹ እኛው ነን። ከዚህ ግቢ ተማሪ አንድ ጊዜ እንኳ የሰው ልጅ አስጠንቶ የማያውቅ ቢኖር፥ ወይ አባቱ ባለጸጋ ነው፥ ወይ ገና ትላንት የገባ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሩቅ ነገር አይደለም፤ ስለ ኪሳችን ነው።

ሥራው በመልኩ ክቡር ነው። ታላላቆቻችን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየወረዱ፥ አብዛኞቹ በመምህርነት ያገለግሉ ነበር። የእኛ አገልግሎት ከቦሌና ከሲ ኤም ሲ አይርቅም፤ የሚኬደውም በሚኒባስ ታክሲ ነው። ልጁ «ቲቸር» ይለናል፤ እናቲቱ ሻይና ዳቦ ታቀርባለች። (ስኳሩን ለብቻው የሚያቀርብ ቤት ደመወዝ አያዘገይም የሚል እምነት በመኝታ ክፍላችን አለ፤ እኛ እንኳ ተቃራኒውን አይተናል።) ደላላ ያገናኘን እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ወር ገንዘብ ድርሻውን ያነሣል። ይህ ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ እንለፈው።

ልናነሣ የፈለግነው ለምን እንደምንጠራ ነው። ወላጅ የሚጠራን ልጁ ፈተናውን እንዲያልፍለት ነው፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 845 ሺህ ያህል ተማሪ ተፈትኖ 27 ሺህ ያህል፥ ማለት ከመቶ 3.2 አለፈ፤ ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8.4 ሆነ። ተሻለ ቢባልም ከ12 ልጆች 11ዱ የሚወድቁበት ፈተና ነው። ይህን የሰማ አባት ገንዘብ ኖሮት አስጠኚ ባይቀጥር ነበር የሚገርመው።

ፈተናው ግን ምርጫ ነው። ከተሰጡት ፊደላት አንዱን ማጥቆር፥ በኮምፒዩተር የሚፈተነው እንደ ሆነም መጫን ነው። ልጁ አንድ ገጽ ሙሉ የራሱን ሐሳብ አሰካክቶ መጻፍ ይችል እንደ ሆነ የሚጠይቀው የለም፤ ያልተጠየቀውን ደግሞ ማን ከፍሎ ያስጠናል? እኛም የቀድሞ ፈተናዎችን ይዘን እንሄዳለን፤ «ይህ ጥያቄ በየዓመቱ አይቀርም»፥ «ሁለት ምርጫዎች ከተመሳሰሉ መልሱን ከሁለቱ ፈልግ» እያልን እንመክራለን። ዕድለኛው ያልፍና እዚሁ ግቢ ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት መምህሩ «ሦስት ገጽ ጽፋችሁ አምጡ» ሲለው ይደነግጣል፤ ከበላይ ክፍል ወንድሞቹ ይለምናል፥ ካልሆነም ስልኩን ያዝዘዋል።

ለብቻ ማስጠናት ከውጭ አገር የመጣ ልማድ የሚመስለው ሰው ካለ የቅኔን ቤት ያስታውስ። በዋሸራም፥ በጎንጅም፥ በዋድላም ቢሆን ተማሪው ግሱንና አገባቡን ይዞ ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ግን ከመጀመሪያዋ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ነው የሚቆጥረው። ከሰው ርቆ ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቦታ ተቀምጦ ሲያወጣ ሲያወርድ ይቆያል፤ ከዚያ ተራውን ጠብቆ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ በጆሮው ይሰማዋል፤ ዜማ ልኩ የጎደለውን፥ ሰሙ ከወርቁ የተጣላውን ያሳየዋል፤ ያልቀናውን እንደገና ቆጥሮ እንዲመጣ ይመልሰዋል። ተማሪው ሲበዛም የበሰለው ደቀ መዝሙር አስነጋሪ ሆኖ የታናናሾቹን ይሰማል። ቁራሽ እየለመኑ፥ ከውሻ እየታገሉ መማርን ለማንም አንመኝም። ነገር ግን አስነጋሪ የተባለው ሰው ሥራ ልክ የእኛ ሥራ መሆን የሚገባው ይመስለናል፤ እርሱ ይሰማል እንጂ ለተማሪው አይቆጥርለትም።

ከመካከላችን አንዱ አምና በአንድ ቤት ለአሜሪካ ኮሌጅ የምታመለክት ልጅ ያስጠና ነበር። ከ1600 የሚታረመው የኤስ ኤ ቲ ፈተና አላስቸገራትም። ያስቸገራት ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚቀበሉት ማመልከቻ የሚጠይቀው፥ ከ650 ቃል የማይበልጥ ስለ ራስ የሚጻፍ ድርሰት ነበር። እናቲቱ ጠርተው «የኔ ልጅ፥ አንተ የጽሕፈት ሰው አይደለህ? ጻፍላትና ለብቻው እንከፍልሃለን» አሉት።

«እትዬ፥ የእርሷን ሕይወት እኔ ከየት አውቄ?»

«እርሷስ ምን ሕይወት አላት? ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው!»

ጓደኛችን ሁለት ሳምንት ለመናቸው። ልጅቱ መጀመሪያ «ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው» ብላ ጀመረች። ሰረዘባት። ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምትውል ጠየቃት። ከአያቷ ጋር ወፍጮ ቤት እንደምትሄድ፥ አያቷ የሌላ ሰው እህል እንዳይቀላቀልባቸው ከወፍጮው ሥር እንደማይነቁ፥ በርበሬው ሲፈጭ ሁሉም እያስነጠሰ ወደ ውጭ ሲሮጥ እርሳቸው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ብቻቸውን እንደሚቀሩ ነገረችው። «ይህን ጻፊዋ» አላት። በአራተኛው ጊዜ፥ የእንግሊዝኛው ሰዋስው እዚህም እዚያም ቢያነክስም፥ አያቲቱ ከገጹ ላይ ቆመው ይታዩ ነበር።

እናቲቱ አንብበው «ለአሜሪካኖች ወፍጮ ቤት ብላ ትጻፍ?» አሉ። ጓደኛችንን ደመወዙን ከነምስጋናው ሰጥተው አሰናበቱትና ሌላ አስጠኚ አመጡ፤ እርሱም ዓለምን ስለ መለወጥ ባንድ ሌሊት ጻፈላት። ከወር በኋላ ልጅቱ በስልክ «ቲቸር፥ የወፍጮ ቤቱን ለራሴ አምስተኛ ጊዜ ጻፍኩት፤ መጨረሻው ግን አሁንም እምቢ አለኝ» ብላ ላከችለት።

ያቺ ልጅ ቢያንስ የሚሰማት ሰው በገንዘብ ተገኝቶላት ነበር። ከግቢያችን አጥር ማዶ በመንግሥት ትምህርት ቤት፥ በተጨናነቀ ክፍል ለሚማረው ልጅ ድርሰቱን ማን ያይለታል? መምህሩ የዚያን ሁሉ ልጅ ደብተር ወስዶ መቼ ሊያነብ?

ስለዚህ ለተማሪዎች ኅብረት ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ባዶ ክፍል ይከፈት፤ ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሚመጣ ልጅና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፥ እያንዳንዱ አንድ ገጽ ጽፎ ይምጣ። አንድ ለአንድ ተቀምጠን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ እንስማው፤ ያልገባንን እንጠይቀው፤ እስክሪብቶው ግን ከእርሱ እጅ አይውጣ። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስሙን ለኅብረቱ ጸሓፊ ይስጥ። ክፍሉ የሚገኝ ይመስላል፤ ስለ ወረቀቱ ግን ገና እየተጨቃጨቅን ነው።