ዲቲዋ ያልረገጠችው መንገድ የለም

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ነበረች። ዘንባባ በተተከለባቸው ሜዳማ ጎዳናዎቿ ላይ ተማሪውም፣ አስተማሪውም፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛም በብስክሌት ይመላለስ ነበር። ዛሬ ቦታውን ባጃጅ ይዞታል። በሁለቱ መሐል ግን ብዙ ያልተወራላት አንዲት ተሽከርካሪ አለች፤ የመሥሪያ ቤት ሞተር። የግብርናው፣ የወባው፣ የእንስሳት ሕክምናው ሠራተኛ ወደ ገጠር የሚወጣባት ያማሃ ዲቲ። በእኔ ዕድሜ ያለ የከተማችን ልጅ መልኳን ቢረሳ እንኳ ድምፅዋን አይረሳም። እንደ መኪና አታጉረመርምም፤ በጣሳ ውስጥ እንደሚናወጥ ጠጠር ትንጣጣለች። ካለፈች በኋላም ሰማያዊ ጭሷ መንገዱ ላይ ይቆያል።

አባዬ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። በ1980 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤቱ የተረከባትን ዲቲ 125፣ ከዓመታት በኋላ በጨረታ ገዝቶ ቤት አስገባት። አሁን ሽምብጥ ባለው ግቢያችን ከማንጎው ሥር ቆማለች። አባዬ 70 ዓመት አልፎታል፤ ዓይኑ ስለደከመ መንዳት ካቆመ ቆይቷል። ባለፈው ክረምት አንድ ገዢ መጥቶ ዋጋ ጠራ። ወንድሜ፣ "ዝገት ሳይጨርሳት እንሽጣት" አለ። እናቴ ደግሞ፣ "እሷ ከዚህ ግቢ ስትወጣ እሱም ግማሹ አብሯት ይወጣል" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። አባዬ ምንም አልተናገረም። ነገሩ ግን ለሳምንታት ቤታችንን ለሁለት ከፈለው።

እኔ ከሁለቱ ወገን አንዱን ከመያዜ በፊት የሞተሯን ታሪክ ማወቅ ፈለግሁ።

የዲቲ ዘር የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ ከቀረበችው ዲቲ-1 ነው። ያማሃ መነሻው ኦርጋን መሥራት ነው፤ ዓርማው ላይ የተጠላለፉት ሦስት ሹካዎችም የሙዚቃ ድምፅ መቃኛዎች ናቸው። ወደ ሞተር ሳይክል የገባው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ከዲቲ-1 በፊት ከአስፋልት ወጥቶ መንዳት የፈለገ ሰው ወይ ከባድ ሞተር ይዞ ይታገላል፣ ወይ የከተማ ሞተር ጭስ ማውጫውን ወደ ላይ አስነስቶ ይሞክራል። ዲቲ-1 ግን ቀላል ናት፣ ባለ 250 ሲሲና ባለ አንድ ሲሊንደር። አስፋልቱንም፣ ጥርጊያውንም፣ ዱካ የሌለውንም ሜዳ በአንድ ቀን ትሄዳለች። አሜሪካ ውስጥ ገበያው አነሣት፤ ሌሎቹ የጃፓን ፋብሪካዎችም ተከተሏት። አባዬ የነዳት 125 የዚያችው ቤተሰብ ታናሽ ናት። እናትየዋ የተሠራችው ቅዳሜና እሑድ በረሃ ወርደው ለሚዝናኑ ሰዎች ነበር፤ ልጆቿ እኛ አገር መጥተው ሥራ ያዙ።

ለምን ለገጠር እንደተመቸች የገባኝ መካኒኩ ሲፈታት አጠገቡ ቆሜ ሳይ ነው። አብዛኛው ሞተር ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ይተኩሳል፤ ይህችኛዋ በእያንዳንዱ ዙር ትተኩሳለች። ስለዚህ ትንሽ ሆና ጉልበት አላት። አብዛኛው ሞተር ያለው ዓይነት ቫልቭ የላትም፤ የሚበላሸውም ነገር በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ድሮ እንዲህ ላለው ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር በእጅ መቀላቀል ግድ ነበር። ያማሃ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ዘይቱን ለብቻው ዕቃ ውስጥ አድርጎ በፓምፕ እንዲመጠን አደረገው። ሰማያዊው ጭስም የዚያ ዘይት ነው። ጣና 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ካልተመጠነ ካንዴላው ይጠቁራል። አባዬ በሸሚዝ ኪሱ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ካንዴላ የሚይዘው ለዚህ ነበር።

መካኒኩ ገና ወጣት ነው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቴና፣ ፓራፋንጎ እያለ ሲዘረዝር በልቤ ሳቅሁ። ሞተሯ የጃፓን፣ የአካሏ ስም በሙሉ የጣሊያን፣ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ፎገራ ጭቃ ውስጥ!

ፎገራን የሚያውቅ ዋልካውን ያውቃል። በክረምት ጉማራና ርብ ሲሞሉ ሜዳው ከጣና ጋር ይገጥማል። ጭቃው ጎማና ፓራፋንጎ መሐል ገብቶ ተሽከርካሪውን ቀጥ ያደርገዋል። የዲቲ የፊት ፓራፋንጎ ከጎማው ራቅ ብሎ ከፍ ያለው ለዚሁ ነው፤ እሱም ሲያቅተው አባዬ ሞተሩን ገበሬ ቤት አስቀምጦ፣ የክትባት ሳጥኑን በትከሻው ይዞ በእግሩ ይቀጥላል።

ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ቀላል ነገር አልነበረም። የደስታ በሽታ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የአገራችንን የቀንድ ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን የሚባለውን ረሃብ ያመጣ በሽታ ነው። በሬ ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ፤ ሰውም አለቀ። እነአባዬ በበረዶ ይዘውት የሚሮጡት ክትባት የዚህ በሽታ ነበር፤ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ካልተሰጠ የሚጣል። ሞተር ተበላሽቶ መንገድ ላይ መዋል ማለት፣ ከብቱን ሰብስቦ ከጠዋት ጀምሮ ለሚጠብቅ ቀበሌ ባዶ እጅ መድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። በዚያ ዜና ውስጥ የነአባዬ ስም የለም፤ የዲቲዎቹማ ከየት ይመጣል!

እሑድ እሑድ የድሮ ባልደረቦቹ ቡና ሊጠጡ ይመጣሉ። ሞተሯ ተፈታ ባዩአት ቀን ጨዋታቸው ሌላ ሆነ። አንዱ ሐሙሲት ላይ የተበጠሰች ካቴና አስታወሰ፤ ሌላው በዘጌ ቡና መሐል ማታ ስለነዳባት፣ መብራቷ ጠፍቶ በጨረቃ ስለገባበት መንገድ አወራ። "አንተማ ከሞተሩ ላይ ስትወርድ እግርህ ይንቀጠቀጥ ነበር" ሲሉት፣ "ዛሬም ይንቀጠቀጣል፣ ምክንያቱ ተለወጠ እንጂ" አለ። እየሣቁ የሚጠሯቸው መንደሮች ስም እኔ ሰምቼው የማላውቅ ነበር።

ፋሻው ተቀይሮ ዲቲዋ ስትነሣ አባዬ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ አያይላትም፤ ጆሮው ግን፣ "ቤንዚኑ በዝቷል፣ ቀንስለት" አለ። መካኒኩ ትንሽ ብሎን አዞረ። "ትንሽ ጨምር... በቃ።" ወጣቱ ቀና ብሎ፣ "ጋሼ፣ በጆሮዎ ነው የሚያዩት?" አላቸው። ያኔ ነው አባዬ ስለ ሽያጩ የተናገረው፦ "መሸጡን ሽጧት። ግን እየሠራች ትሂድ፤ የት የት እንደሄደችም ይታወቅ።"

ወንድሜና እኔ የተስማማነው በዚህ ቃል ላይ ነው። ለገዢው፣ "ለጊዜው አትሸጥም" አልነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜ ያስነሣታል፤ እሷ እየሞቀች አባዬ አንድ መንገድ ይነግረኛል፣ እኔም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከየትኛው ወንዝ በየት በኩል እንደሚሻገሩ፣ ሞተሩን ማን ቤት እንዳሳደሩ፣ ያ ቤት ምን እንዳበላቸው። እስካሁን 23 መንገድ ደርሰናል። ደብተሩ ሲያልቅ መሸጡን አንድ ላይ እንወስናለን፤ ያኔ የሚሸጠው ብረቱ ብቻ ይሆናል።

በየግቢያችሁ በላስቲክ የተሸፈነ አሮጌ ሞተር፣ የልብስ ስፌት መኪና ወይም የጽሕፈት መኪና ይኖር ይሆናል። ገዢ መጥቶ ዋጋ ሲጠራ አትቆጡ፤ ኑሮ ነው። ዋጋውን ከመስማታችሁ በፊት ግን ባለቤቱን፣ "በዚህ ምን ሠራህበት?" በሉት። ጥያቄውን ሊመልስ የሚችለው ሰው ከዕቃው ቀድሞ ያረጃልና።