ብቻውን የሚበር ሰው

አንባብያን ሆይ፤ ጄት አይሮፕላን ለብቻው የሚነዳ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ምን ይመስላችኋል? የሞተሩን መጥፋት ወይም የአየሩን መበላሸት ትሉ ይሆናል። እነዚህስ በእውነት ያስፈራሉ፤ ነገር ግን ለነዚህ አስቀድሞ ሠልጥኖባቸዋል። ከነዚህ የማያንሰው ጠላቱ፣ እያንዳንዳቸው ቀላል የሆኑ ሥራዎች ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተደራርበው የመጡበት እንደሆነ ነው።

እስቲ ወደ ትልቅ ከተማ ሲቃረብ አስቡት። ተቈጣጣሪው በራዲዮ ይጠራውና ከፍታህን ቀንስ፣ አቅጣጫህን ለውጥ፣ ወደ ሌላ ሞገድ ተዛወር ይለዋል። እርሱም ትእዛዙን ሳያዛንፍ መልሶ መድገም አለበት። በዚያው ጊዜ ፍጥነቱን፣ ነዳጁን፣ ከፊቱ የሚሄደውንም አይሮፕላን ይጠብቃል። በትላልቆቹ የመንገደኛ አይሮፕላኖች ይህን ሥራ ሁለት ሰዎች ይካፈሉታል፤ አንዱ ሲነዳ ሌላው ራዲዮውን ይይዛል። አንድ ወንበር ብቻ ባለው ጄት ውስጥ ግን የሚካፈል የለም። በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ የተዋጉት፣ በኋላም ተማርከው 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት የቆዩት የአየር ኃይላችን ጀግና ለገሰ ተፈራ ይነዱት የነበረው ኤፍ 5 ኢ እንዲህ ያለ አይሮፕላን ነበር።

ጊዜውም አጭር ነው። በብዙ አገር ከ10,000 ጫማ በታች የሚበር አይሮፕላን በሰዓት ከ250 ኖት፣ ማለት ከ463 ኪሎ ሜትር፣ እንዳያልፍ ደንብ አለ። እኛ በደባርቅ የምንኖር ሰዎች ከባሕር ወለል ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆንን፣ ያ ወሰን ከጣሪያችን በላይ 200 ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። በዚህ ዝግ ባለ ፍጥነት እንኳ ከዳባት እስከ ደባርቅ አራት ደቂቃ አይሞላም። በነዚህ ደቂቃዎች ካርታ ሲያገላብጥ የቈየ ሰው ቀና ሲል የሚያየው የስሜንን ተራራ ነው።

ስለዚህ ነጂዎች አንድ ቅደም ተከተል ይማራሉ፤ በመጀመሪያ አይሮፕላኑን ንዳ፣ ቀጥሎ መንገድህን እወቅ፣ ከዚያ በኋላ ተናገር የሚል ነው። ይህን መርሳት ምን እንደሚያስከትል በታኅሣሥ ወር 1965 ዓ.ም. በአሜሪካ ታይቷል። አንድ ትልቅ አይሮፕላን ማያሚ ሊያርፍ ሲል የፊተኛው ጐማ መውረዱን የምታመለክተው ትንሽ አምፑል አልበራችም። ጐማው ወርዷል፤ የተቃጠለችው አምፑሏ ናት። ነገር ግን ነጂዎቹ ሁሉ በእርስዋ ላይ ሲያተኵሩ አይሮፕላኑ ቀስ በቀስ ዝቅ ማለቱን ያየ ሳይኖር ረግረግ ውስጥ ወደቀ፤ ከ100 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ብዙ ሆነው ሳሉ እንዲህ ከሆነ፣ ብቻውን ያለው ምን ያህል ይጠንቀቅ!

ሁለተኛው ዘዴያቸው ወረቀት ነው። በ1928 ዓ.ም. ቦይንግ የሠራው አዲስ የቦምብ ጣይ አይሮፕላን ለሙከራ ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ። ነጂዎቹ የታወቁ ብልሆች ነበሩ፤ የመሪ ክንፎቹን መቈለፊያ ሳይፈቱ ስለ ተነሡ ነው። ከዚያ ወዲህ ነጂ በማስታወስ ችሎታው አይመካም፤ የተጻፈውን ዝርዝር እያነበበ አንድ በአንድ ያረጋግጣል።

ሦስተኛው፣ የሚቻለውን ሥራ ሁሉ በጸጥታው ጊዜ መጨረስ ነው። የማረፊያውን ካርታ የሚያነበው ከፍ ብሎ ቀጥ ባለ መስመር ሲሄድ እንጂ ሲወርድ አይደለም። ይህንስ የሊማሊሞ ሾፌሮች ያውቁታል። ጭነት የያዘ ሾፌር ፍሬኑን የሚፈትነው፣ ከባዱን ማርሽ የሚያስገባውም ከቁልቁለቱ አናት ላይ ነው፤ ከመጠምዘዣው ከደረሰ በኋላ ጊዜ የለውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!

አራተኛው ግን ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ሥራ የበዛበት ነጂ ተቈጣጣሪውን «ይቈዩኝ» ለማለት ይችላል። ይህ ድፍረት ሆኖ አይቈጠርበትም፤ የሙያው ደንብ ነውና።

እኔ አስተማሪ ነኝ። አምስት ክፍል አስተምራለሁ፤ በየክፍሉ 60 ተማሪ ስላለ 300 ደብተር ነው፤ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ብሰጥ 15 ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ የስፖርት ኃላፊ፣ የቤተ መጻሕፍት ተቈጣጣሪ ሁን እባላለሁ፤ ወጣት ይችላል ይባላልና። የእኔ አይሮፕላን ግን ከቆላው መንደር ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ በደባርቅ ጓዳ ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ነው። ደብተሩ ከፈተና በኋላ የተመለሰለት እንደሆነ እርማቱ ምን ይጠቅመዋል? የእናንተም የጸሐፊዎቹ አይሮፕላን ከጃናሞራ ተነሥቶ ለአንዲት ፊርማ የመጣው ባለጉዳይ ነው። ለአለቃ ሁሉ እሺ ስንል፣ እንቢ የምንለው ሳናውቀው ለነዚህ ለሁለቱ ነው።

እርግጥ ነጂውን ደንቡ ይጠብቀዋል፤ እኛን ግን አለቃ ሊቈጣን ይችላል። ስለዚህ «አልችልም» ከማለት ይልቅ ሰዓት ቈርጦ መናገር ይበጃል፤ «ጌታዬ፣ የተማሪዎቹን ደብተር ረቡዕ እጨርሳለሁ፤ ቃለ ጉባኤውን ሐሙስ ጧት አመጣለሁ» ማለት ነው። እኔ ይህን ማለት ከጀመርኩ ወዲህ የተቈጡኝ አሉ፤ ሐሙስ ጧት ግን ወረቀቱን ሲያገኙ ቍጣቸው በርዷል። ቀጠሮ የሰጠ ሰው ቀጠሮውን ማክበር አለበት፤ ያለዚያ «ይቈዩኝ» ማለቱ ስንፍናን መሸፈኛ ይሆናል።

ለአለቆችም አንድ ቃል አለኝ። ጥሩ ተቈጣጣሪ ነጂው እያረፈ ሳለ ረጅም ወሬ አይጀምርበትም። እናንተም ወጣቱን ሠራተኛ ከመጥራታችሁ በፊት በእጁ ምን እንደያዘ ጠይቁት።