ማዘጋጀትና መከተል፦ በነዳጅ ቧንቧ ደኅንነት ሕግ ውስጥ ያሉ ሁለት ግሶች

በአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅን፣ ቤንዚንን፣ ናፍጣንና ሌሎች አደገኛ ፈሳሾችን በቧንቧ የሚያስተላልፉ ድርጅቶች የሚተዳደሩት በፌዴራል ደንብ ክፍል 195 ነው። የዚህ ክፍል አንቀጽ 402 እያንዳንዱ ድርጅት ለየቧንቧ መስመሩ የጽሑፍ የአሠራር መመሪያ እንዲያዘጋጅና እንዲከተል ያዝዛል። መመሪያው መደበኛውን ሥራ፣ ጥገናን፣ ያልተለመዱ ሁኔታዎችንና ድንገተኛ አደጋን መሸፈን አለበት። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይከለሳል፤ በሁለት ክለሳዎች መካከል ያለው ጊዜም ከ15 ወር መብለጥ የለበትም። ለሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፌ ይህን አንቀጽና አፈጻጸሙን ሳጠና ከዝርዝሩ ሁሉ ይልቅ ቀልቤን የያዙት ሁለቱ ግሶች ናቸው። ማዘጋጀት በወረቀት ላይ ይታያል፤ መከተል ግን በሌሊት ፈረቃ፣ ባልተሟላ መረጃ፣ ሥራ እንዳይቆም በሚፈራ ሰው እጅ የሚፈጸም ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምሞክረው ሐሳብ አንድ ነው። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን ግስ በየጊዜው ሊያስከብር ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በአስጨናቂው ሰዓት መከበር አለመከበሩ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ይህ የሥራው ተፈጥሮ ብቻ አይመስለኝም፤ ተቆጣጣሪው ከሚጠይቀው ጥያቄም የሚመነጭ ነው።

አሥሩ ደቂቃ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2010 አመሻሹ ላይ፣ በሚሺጋን ግዛት ማርሻል ከተማ አቅራቢያ፣ ኤንብሪጅ የተባለው ኩባንያ የሚያስተዳድረው 6ቢ የተሰኘ የ30 ኢንች ድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ተሰነጠቀ። መስመሩ የሚመራው ከካናዳዋ የኤድመንተን ከተማ መቆጣጠሪያ ክፍል ነበር። ስንጥቁ የተፈጠረው መስመሩ በዕቅድ እየቆመ ባለበት ጊዜ በመሆኑ፣ በሠራተኞቹ ሰሌዳ ላይ የበሩት ማንቂያዎች ከማቆሙ ሥራ የመጡ መሰሉ። ግፊቱ የወረደው በቧንቧው ውስጥ ያለው የነዳጅ ዓምድ ተቋርጦ በመካከሉ የትነት ክፍተት ስለተፈጠረ ነው ተባለ። ይህ በቧንቧ ሥራ የሚያጋጥም ክስተት ነው፤ ከፍሳሽ ጋር የሚመሳሰል ምልክት ስለሚያሳይም አሳሳች ነው።

ኩባንያው ለዚህ ለማሳሳት ለተመቸ ሁኔታ የተጻፈ መመሪያ ነበረው። የማንቂያው መንስኤ በ10 ደቂቃ ውስጥ በእርግጠኝነት ካልታወቀ መስመሩ መቆም አለበት ይላል። ደንቡ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በሚኒሶታ ግዛት ግራንድ ራፒድስ ከደረሰ ትልቅ የነዳጅ ፍሳሽ የተገኘ ትምህርት ነው። በማርሻል ግን የተጠራጠረ ሰው መስመሩን ከማቆም ይልቅ፣ ፈረቃ ለፈረቃ ሲተካካ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጊዜ ፓምፖቹ ተነሡ። ግፊቱ ሊነሣ አለመቻሉ ራሱ የፍሳሽ ምልክት ሆኖ ሳለ፣ ክፍተቱን ለመሙላት ተጨማሪ ነዳጅ እንደሚያስፈልግ ተደርጎ ተተረጎመ። በአካባቢው ያሉ ነዋሪዎች ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ስለ ሽታው ለአደጋ ጊዜ ስልክ ደውለው ነበር። ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ነገሩን ያረጋገጠለት ግን ረፋዱ ላይ የደወለ የሌላ የጋዝ ኩባንያ ሠራተኛ ነው። ከስንጥቁ እስከዚያ ስልክ ድረስ ከ17 ሰዓት በላይ አልፏል።

ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የምርመራ ዘገባ መሠረት የፈሰሰው 843,444 ጋሎን፣ ማለትም 3.2 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 81 በመቶው የወጣው በሁለቱ የማስነሣት ሙከራዎች ወቅት ነው። ነዳጁ በታልማጅ ጅረት በኩል ወደ ካላማዙ ወንዝ ገባ፤ ወደ 320 የሚጠጉ ሰዎችም ከነዳጅ መጋለጥ ጋር የሚስማማ የሕመም ምልክት እንደታየባቸው ገለጹ። ቦርዱ የአካሉን ጉድለት፣ ማለትም ከሸፋኙ ሥር በዝገት የተስፋፋውን ስንጥቅ፣ ብቻ አልመረመረም። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ከመመሪያ ማፈንገጥ ባህል ሆኖ እንደነበር አመለከተ፤ የተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ክትትል ደካማነትም ወቀሰ።

የመጀመሪያው ግስ በማርሻል ተሟልቷል፤ ደንቡ ተጽፏል፣ የሚታወቅ ነው፣ ዕድሜውም ወደ ሃያ ዓመት ይጠጋል። የጎደለው ሁለተኛው ነው። ማርሻል በዚህ ብቸኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1999 በዋሽንግተን ግዛት ቤሊንግሃም ከተማ የቤንዚን ቧንቧ ፈንድቶ ሁለት የ10 ዓመት ልጆችና አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሲሞቱም፣ ቧንቧው ከተሰነጠቀ በኋላ መስመሩ እንደገና ተነሥቶ ነበር። በሁለቱም ቦታ የመጀመሪያው ዝንባሌ ማስቀጠል ነው።

ቅጣቱ የሚለካው ነገር

የቧንቧ መስመርና አደገኛ ቁሶች ደኅንነት አስተዳደር የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በእጁ ያሉት የማስፈጸሚያ መሣሪያዎች ደረጃ አላቸው። መመሪያው በጽሑፉ ጉድለት ካለበት የማሻሻያ ማስታወቂያ ይልካል፤ ይህ የገንዘብ ቅጣት የለውም። ቀላል ጥፋት ሲያገኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጽፋል። ጠንከር ሲል ተጠርጣሪውን ጥሰት ዘርዝሮ የገንዘብ ቅጣትና የማስተካከያ ትእዛዝ ያቀርባል፤ ድርጅቱም መልስ ለመስጠትና ለመከራከር መብት አለው። አደጋው ለሕይወት፣ ለንብረት ወይም ለአካባቢ የሚያሰጋ ሲሆን መስመሩ እንዲቆም ወይም በአነስተኛ ግፊት እንዲሠራ ሊያዝ ይችላል።

ከማርሻል በኋላ መሥሪያ ቤቱ 24 ጥሰቶችን ጠቅሶ ወደ 3.7 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ጣለ፤ በዚያን ጊዜ ከጣላቸው ሁሉ ትልቁ ነበር። የምርመራ ዘገባው ሲወጣ የጽዳቱ ወጪ ግን ከ767 ሚሊዮን ዶላር በልጦ ነበር። ጣሪያውን ሕጉ ራሱ ወስኖታል። አደጋው ሲደርስ ቅጣቱ ለአንድ ጥሰት በቀን 100,000 ዶላር፣ ለተያያዙ ጥሰቶች በድምሩ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 የጸደቀው ሕግ ሁለቱንም በእጥፍ አሳደገ። እጅግ የሚበልጠው ገንዘብ የመጣው ከሌላ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኩባንያው ከመንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት 62 ሚሊዮን ዶላር የፍትሐ ብሔር ቅጣት ለመክፈልና ቢያንስ 110 ሚሊዮን ዶላር ለመከላከያ ሥራ ለማዋል ተስማማ፤ የቅጣቱም መሠረት የውኃ ንጽሕና ሕጉ ነው።

ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ሳነብ ያስተዋልሁት ይህን ነው። የውኃ ሕጉ ቅጣቱን በፈሰሰው በርሜል መጠን ሊያሰላ ይችላል። የቧንቧ ደኅንነት ሕጉ የሚቆጥረው ጥሰትን ነው። ስለዚህ ትልቁ ክንድ የሚነሣው ወንዝ ሲጠቁር ነው። መመሪያው ተጥሶ ምንም ያልፈሰሰባቸው ሌሊቶች ግን፣ የማፈንገጥ ባህል የሚያድገው በእነርሱ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ማንም አይቆጥራቸውም። የመቆጣጠሪያ ክፍሎችን አሠራር የሚመለከተው ልዩ ደንብ እንኳን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 ቢወጣም፣ ማርሻል ሲደርስ የተፈጻሚነቱ ቀን ገና አልደረሰም ነበር።

በከንቱ የቆመ ሥራ

ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመመለሴ በፊት በአንድ የነዳጅ ዴፖ በደኅንነት ክፍል ተቀጥሬ እሠራ ነበር። እዚያ የቧንቧ መስመር አልነበረም፤ ነዳጅ ወደ ቦቴ መኪና የሚሞላበት ቦታ ነው። መመሪያው ቦቴው ሞተሩን አጥፍቶ፣ የመሬት ሽቦው ከታንከሩ ጋር ሳይያያዝ መሙላት እንደማይጀመር ይደነግጋል፤ ምክንያቱም ነዳጅ ሲፈስ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ በአንድ ብልጭታ ሁሉን ሊያነድ ይችላል። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ መዝገቡን አቀርብ ነበር። ፊርማውን ይቆጥራሉ፤ የክለሳውን ቀን ያያሉ፤ ሁሉም ተሟልቶ ያገኙታል።

በአንድ የበዓል ዋዜማ የሽቦው መቆንጠጫ ተሰብሮ ተገኘ። በዕድሜ የገፉት የፈረቃ ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ቦቴዎቹ እስከ አስፋልቱ ተሰልፈው ሳሉ መሙላቱን አቆሙ። ሾፌሮች ጮኹ፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለ። መቆንጠጫው እስኪቀየር ግማሽ ቀን አለፈ። ምንም አልተቃጠለም፤ ምንም አልፈሰሰም። ከሳምንት በኋላ ለጋሼ «ሥራን በማስተጓጎል» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እሳት ተነሥቶ ቢሆን ምስክር በኖረኝ ነበር። ባለመነሣቱ እኔ አጥፊ ሆንሁ።»

ከዚያ በኋላ እኔ በነበርሁበት ጊዜ ሁሉ በዚያ ዴፖ ማንም መሙላት አላቆመም። መዝገቡ እንደ ቀድሞው ሙሉ ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ተቆጣጣሪም አንዳች ጉድለት አላገኘበትም። የኤድመንተንን ሌሊት በዘገባው ሳነብ ሠራተኞቹን ለመኮነን የተቸገርሁት ከዚህ የተነሣ ነው። መስመሩን ማቆም ዋጋው ወዲያው ይታያል፤ ባለማቆም የሚተርፈው ደግሞ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ እውነተኛ ትርፍ ነው። መመሪያ የተጻፈው ለመቶኛው ጊዜ ነው፤ ሠራተኛው ግን የሚኖረው በዘጠና ዘጠኙ ውስጥ ነው።

ተቆጣጣሪው ምን ይጠይቅ?

ከዚህ በመነሣት በመመረቂያ ጽሑፌ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ተቆጣጣሪው «መመሪያ አላችሁ?» እና «ከለሳችሁት?» ከሚሉት ጥያቄዎች ቀጥሎ ሦስተኛ ጥያቄ ይጨምር፤ «በዚህ ዓመት በመመሪያው ምክንያት ሥራ አቁማችሁ፣ በኋላ ምንም ችግር ያልተገኘው ስንት ጊዜ ነው? ያቆመው ሰውስ ምን ደረሰበት?» የመጀመሪያው መልስ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ የኮምፒውተር መዝገብ ይገኛል፤ ማንቂያው የበራበት፣ መስመሩ የቆመበትና የተነሣበት ደቂቃ ተመዝግቦ ይቀመጣልና። ሁለተኛው ከሠራተኛ ማኅደር ይገኛል። አደገኛ ምልክቶች እየበሩ ለዓመታት በከንቱ ቆሞ የማያውቅ መስመር ሁለት ትርጉም አለው፤ ወይም እጅግ የታደለ ነው፣ ወይም መመሪያው አልጋው ላይ ተኝቷል።

ሐሳቡ ተቃውሞ አያጣም። ቁጥር የሚጠየቅበት ነገር ቁጥር ሊፈበረክለት ይችላል የሚለው አንዱ ነው። ረጅም መስመርን ማቆምና ማስነሣት ራሱ የግፊት መናወጥ ስለሚያመጣ አደጋ የሌለው አይደለም የሚለው ሌላው ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ስለዚህ የማቆሚያው ብዛት የድርጅት ደረጃ መስጫ እንዲሆን አልመክርም፤ ለውይይት መክፈቻ ብቻ ይሁን። ተቆጣጣሪው ሁለት ሦስት ማንቂያዎችን መርጦ፣ በዚያ ሌሊት የነበሩትን ሠራተኞች ጠርቶ፣ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ የሆነውን አብሯቸው ቢያነብ፣ መመሪያው ሕያው መሆን አለመሆኑን ከማንኛውም ፊርማ በተሻለ ይረዳል። ማስፈራሪያ የሌለው የማሻሻያ ማስታወቂያም እዚህ ቦታ ያገኛል፤ የሚሻሻለው ግን የመመሪያው ቃላት ሳይሆን ያቆመን ሰው የሚጠብቀው አሠራር ይሆናል።

ይህን ጉዳይ ከባሕር ማዶ ሕግ ተነሥቼ ማጥናቴ አገሬን ረስቼ አይደለም። የኢትዮጵያ ነዳጅ በአብዛኛው ከጅቡቲ በቦቴ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቧንቧ ለመዘርጋት ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ መስመሩ ግን አልተሠራም። አንድ ቀን ቢሠራ የአሠራር መመሪያውን የሚጽፍልን አማካሪ አናጣም፤ ጥሩ መመሪያ በገንዘብ ይገዛል። በገንዘብ የማይገዛው፣ ጥርጣሬ የገባው የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ በአሥረኛው ደቂቃ መስመሩን ሲያቆም፣ በማግስቱ ምንም ሳይገኝ ቢቀር እንኳን ከአለቃው የምስጋና ቃል የሚጠብቅበት ሥርዓት ነው። ሕጉን የሚያረቅቁ ሰዎች መከተል የሚለውን ግስ ሲጽፉ፣ ያንን ሠራተኛ ከደብዳቤ የሚጠብቅ አንድ አንቀጽ አብረው ቢጽፉለት፣ የቀረውን የቁጥጥር ሥራ ግማሹን ያቀሉታል።